ያልተበጠሰው ድር

ሰይጣን አየሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምለው «ስንት ጠጥተህ ነበር?» ነው፣ ጓደኞቼ በዚህ ያውቁኛል፣ እናቴማ «አንተ ቶማስ፣ ካልዳሰስክ አታምንም» እያለች ነው ያሳደገችኝ፣ እውነቷንም ነው፣ ስለዚህ ይህን የሚነግርህ ሰው ተረት ወዳድ እንዳልሆነ ከወዲሁ ያዝልኝ።

አዳማ ተወልጄ ባድግም እንጀራዬ ያለው ወንጂ አካባቢ ነው፣ የገበሬዎች ሸንኮራ አገዳ ሲደርስ እሳት ከሚለቁት ሰዎች አንዱ ነኝ። ለማያውቅ ልንገር፣ አገዳ ከመቆረጡ በፊት ይቃጠላል፣ ቅጠሉ ይነድና አገዳው ቆሞ ይቀራል፣ ቆራጮቹም ከእባቡም እጅ ከሚሸረክተው ቅጠልም ይገላገላሉ። የእኔ ድርሻ ማሳውን ዞሬ፣ ተጣርቼ፣ ውስጡ ሰው እንደሌለ ማረጋገጥ ነው። «ንጹህ ነው» ካልኩ ይለኮሳል፣ አንዴ ከተያያዘ ደግሞ ሮጦ የሚያመልጠው ሰው የለም።

ታዲያ ማንም ያላስተማረን፣ ግን ሁላችንም የምንሠራበት አንድ ዘዴ አለ። በየቦዩ አፍ ላይ፣ ከአገዳ እስከ አገዳ፣ ትልቋ ሸረሪት ክብ ድሯን ትዘረጋለች፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ወርቅ የሚመስል ቢጫ ድር፣ ባርኔጣህን ከራስህ ላይ ነጥሎ ያስቀረዋል ስልህ እያጋነንኩ አይደለም፣ እሷ መሃሉ ላይ ቁልቁል ተዘቅዝቃ ትቀመጣለች። ሰው በዚያ ካለፈ ድሩ ይበጠሳል፣ ድሩ ደህና ከሆነ ማንም አልገባም ማለት ነው። በዚህ እምነት ብዙ ማሳ አንድደናል።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ነፋሱ ጋብ ሲል ማሳውን ዞርኩ። ድሮቹ ሁሉ ደህና ነበሩ። ተጣራሁ፣ መልስ የለም። አብረውኝ የዞሩት ካቦአችን ኦቦ ቶሎሳ ያልተለኮሰውን ችቦ ይዘው ቀረቡ።

«እህ፣ ንጹህ ነው?» አሉኝ።

አዎ ልል አፌን ስከፍት ፊቴ ያለው ድር ተንቀሳቀሰ። ነፋስ ነው ትለኝ ይሆናል፣ እኔም ብዬ ነበር፣ ግን አንዲት ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀችም፣ እመነኝ፣ ሸረሪቷም እንደ ወትሮዋ ዝንብ ያዝኩ ብላ አልሮጠችም፣ እግሮቿን ሰብስባ ዝም አለች። ድሩ ወደ ውስጥ ሳብ ይላል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ሳብ ይላል። ከዳሩ አንድ ክር ወደ አገዳው ገብቶ መጨረሻው አይታይም። ጣቴን ጣል ሳደርግበት፣ ጭነት ስታስር ገመዱን ከወዲያ በኩል ሰው ሲይዝልህ የሚሰማህ ነገር አለ አይደል፣ ልክ እንደዚያ ተሰማኝ። ቀጥሎ ቀጭን የማቃሰት ድምፅ መጣ።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ ውስጥ ሰው አለ!»

«ድሩ ደህና አይደል እንዴ? የምን ሰው?»

«ይስሙ እስቲ!»

«እኔ ምንም አልሰማሁም። ልጄ፣ ነፋሱ ከተመለሰ እሳቱ የጎረቤት ማሳ ይበላል፣ ያኔ ማን ሊጠየቅ ነው?»

«በፈጠረዎት፣ ትንሽ ይጠብቁኝ።»

«እሺ፣ ግባ፣ ግን ቶሎ በል።»

የመጀመሪያውን ድር ስቀድደው ጠሽ ጠሽ እያለ ተበጠሰ። ከኋላው ሌላ ድር አለ፣ ከዚያም ወዲያ ሌላ፣ አንዱም አልተነካም፣ ፊቴ ላይ ይለጠፋል፣ ዐይኔን እየጠረግሁ ያን ክር ተከተልኩ። በዚህ መንገድ ሰው አላለፈም፣ ለራሴ ይህን እየነገርኩ ነው የሄድኩት፣ ፈርቻለሁ፣ አልዋሽህም።

ደሳለኝ ነበር። ከከምባታ ለቆረጣ የመጣ፣ ያን ቀን ምሳ አብሮን የበላ ሰው ነው፣ ወባ ጥሎት ቦዩ ውስጥ ተጋድሟል፣ ገላው ይፋጃል። ከደረቱ እስከ አገዳው ድረስ ሙሉ ክብ ድር ተሠርቶበታል፣ ሲተነፍስ ድሩን ይስበዋል። ያን ሁሉ ድር ከምሳ ወዲህ የትኛዋ ሸረሪት ሠርታ ትጨርሰዋለች?

ጎትቼ አወጣሁት። ኦቦ ቶሎሳ ሲያዩት «ያ ዋቃ!» ብለው ፈጣሪን ጠርተው ችቦውን ወረወሩት። ውሃ ስናጠጣው ነፍስ ዘራ።

«አንተ ሰው፣ ምን ልትሠራ ገባህ? ልናቃጥልህ ነበር እኮ!» ብዬ ጮህኩበት።

ግራ ተጋብቶ አየኝ። «አንተ አይደለህ ና ያልከኝ?»

«እኔ?»

«አሞኛል ስልህ፣ ጥላ ስፍራ ላስተኛህ ብለህ፣ ከፊት ከፊቴ እየሄድክ።»

«ድሩን እንዴት አለፋችሁት?»

«የምን ድር?» አለኝ። ቆይቶ ደግሞ «እኔን አስተኝተህ ወደ ውስጥ ሄድክ። መቼ ወጣህ?»

ከምሳ ጀምሮ ከኦቦ ቶሎሳ ጎን አልተለየሁም። እሳቸውም «ወባ ነው፣ ያስቀባዥራል» አሉ፣ ግን እያዩ ያሉት እሱን አልነበረም፣ እኔን ነው። ወደ ውስጥ ሄደ የተባለውን ፍለጋ ቆራጮቹን ጠርተን አብረን ገባን፣ ጉሮሯችን እስኪዘጋ ተጣራን። ከደሳለኝ መኝታ ወዲያ ያሉት ድሮች ሁሉ ደህና ነበሩ፣ ግን ደህና መሆናቸው ከእንግዲህ ምን ይነግረናል? ማንንም አላገኘንም።

«ንጹህ ነው?» አሉኝ ኦቦ ቶሎሳ እንደገና፣ ቀስ ብለው።

«ንጹህ ነው» አልኩ። ተለኮሰ።

በማግስቱ ቆራጮቹ ሳይገቡ ብቻዬን አመዱን አሰስኩት፣ አጥንት የለም፣ የነደደ ጨርቅ የለም፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን አስበው እስቲ፣ እዚያ ካልቀረ ወጥቷል ማለት ነው፣ የወጣውም የእኔን መልክ ይዞ ነው። ደሳለኝ ድኖ ሥራው ላይ ነው፣ ስጠራው ግን ቶሎ አይመጣም፣ ቆሞ ፊቴን ደህና አድርጎ ያየኛል፣ እኔም አይቶ እስኪጨርስ እጠብቀዋለሁ።