ፌናን የመረጠችው ገመድ

ፌናን እጇን ጀልባዋን በሸፈነው ሰማያዊ ሸራ ስር ሰዳ የተጠቀለለውን ገመድ ስትዳብስ ጣቶቿ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ሌላው ቦታ ለስላሳ ነው። እዚህ ጋ ግን ደርቋል። ስታጥፈው አንድ ነገር የተሰበረ ያህል ቀጭን ድምፅ ሰማች፤ እጇን ስታወጣ አውራ ጣቷ ላይ ነጭ ዱቄት ነበር።

ዱቄቱን ሱሪዋ ላይ ጠርጋ ዙሪያዋን አየች። ማንም የለም። ጀልባዋ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ መኪኖች የሚቆሙበት ጥግ ላይ፣ በተሳቢዋ እንደተጫነች ቆማለች። አባቷ ቢቂላና የሥራ ባልደረባው ላጲሶ በዕረፍት ቀናቸው ከጣውላ የሠሯት የሸራ ጀልባ ናት። ሲጀምሯት ታናሽ እህቷ ሉላ ገና ትታዘል ነበር። የሰሚት ሰፈር ሰው የኖኅ መርከብ ይላታል፤ ጥበቃው «ጋሽ ቢቂላ፣ ጎርፉ መቼ ነው?» ሳይል ውሎ አያውቅም። ዛሬ ግን ቀልዱ ያበቃል። ሁለቱ ሰዎች ፒካፕ ተውሰው ሊመጡ ወጥተዋል፤ ሲመለሱ ጀልባዋን አስረው ወደ ላንጋኖ ይወርዳሉ። አባቷ፣ ላጲሶ፣ ፌናንና ሉላ ከዳር ርቀው መልህቅ ጥለው ጀልባዋ ውስጥ ሊያድሩ ነው።

ሉላ ዋና አትችልም።

ፌናን ከቤት ሮጣ የወረደችው ጠዋት ስልኳ ላይ በደረሳት ፎቶ ምክንያት ነው። የላከችው የክፍል ጓደኛዋ ሄኒ ናት። የሄኒ የስፖርት ሱሪ ጉልበቱ ላይ ወንፊት ሆኗል። መኪናቸው ውስጥ ከተቀመጠ አሮጌ ባትሪ አሲድ ፈሶ እንደበላው ጽፋ፣ አዲስ ስታይል ነው በዪኝ ብላለች። ፌናን አልሳቀችም። ባለፈው ሳምንት የመልህቁ ገመድ እዚያው መኪና ውስጥ አድሯል።

ገመዱን ያዋሰችው ራሷ ፌናን ናት። የሄኒ ወንድም የአባቱን መኪና ሳያስፈቅድ ወስዶ ጎሮ አካባቢ ጭቃ ያዘውና፣ ሄኒ እያለከለከች መጥታ መጎተቻ ገመድ ለመነቻት። ፌናን ለማንም ሳትናገር አውጥታ ሰጠቻት። በማግስቱ ሲመለስ እርጥብ ነበር። ሄኒ ዝናብ ነው አለቻት። ፌናን አመነች፤ ወይም ማመን ፈለገች። በሳሙና አጥባ፣ አድርቃ፣ እንደ ነበረው ጠቅልላ ቦታው መለሰችው። ነጭ ነበር። አሁንም ነጭ ነው፤ በዓይን ምንም አይታይበትም።

ገመዱን ከሾላ ገበያ የገዙት ከአባቷ ጋር ነበር። ሻጩ መጀመሪያ ያወጣላቸው አረንጓዴ የፕላስቲክ ገመድ ነው፤ የጭነት መኪና ሸራ የሚታሰርበት ዓይነት። አባቷ ቁራጩን ባልዲ ውሃ ውስጥ ጥሎ ሲንሳፈፍ አሳያት። የሚንሳፈፍ ገመድ ለመልህቅ እንደማይሆን፣ ፀሐይም ቶሎ እንደሚበላው ነገራት። ሰንሰለት ሲመርጡም የሚያብረቀርቀውን የበር ሰንሰለት ትተው ደብዛዛውንና ከባዱን አነሱ። ሰንሰለቱ ከመልህቁ ጋር ተያይዞ ሐይቁ ወለል ላይ ይተኛል፤ ክብደቱ መልህቁ ሽቅብ ተነቅሎ እንዳይወጣ ይይዘዋል። ከሰንሰለቱ እስከ ጀልባዋ ያለው ደግሞ ገመድ ነው።

«ጋሼ፣ ዝሆን ነው እንዴ የሚያስሩት?» አለ ሻጩ ሰንሰለቱን እያወረደ።

«ንፋስ» አለ አባቷ።

ከዚያ ሁለት የናይለን ገመዶች ፊቷ አስቀምጦ እንድትመርጥ ነገራት። ፌናን ሁለቱንም እጇ ላይ ጠምጥማ ሳበች። አንደኛው እንደ ሽቦ ድርቅ አለ፤ ሌላኛው ጥቂት ተለጥጦ ተመለሰ። ማዕበል ድንገት ጀልባዋን ሲነጥቅ ገመዱ እየተለጠጠ ጉልበቱን ማብረድ እንዳለበት ታውቃለች። የሚለጠጠውን አነሳች።

«እንግዲህ አንቺ የመረጥሽውን አምነን ነው ተኝተን የምናድረው» አላት አባቷ።

በታክሲ ሲመለሱ አባቷ ገመዱን ጭኑ ላይ አድርጎ ስለ ሥራው አጫወታት። እሱና ላጲሶ አውሮፕላን ማረፊያው ካርጎ ውስጥ ጭነት ያስራሉ። እነሱ ጋ የተጎዳ ማሰሪያ ወደ መጋዘን አይመለስም፤ ዝም ተብሎም አይጣልም፤ ሌላ ሰው አንስቶ ሊያስርበት ይችላልና። ለሁለት ይቆረጣል። የሚቆርጠውም አለቃው አይደለም፤ ጉዳቱን ያየው ሰው ነው።

ፌናን ሄኒ ጋ ደወለች። ስለ ዱቄቱ ነገረቻት።

«ፌኒ፣ አታካብጂ በቃ። አጥበሽው የለ?»

«አሲድ መሆኑን መቼ ነው ያወቅሽው?»

ከስልኩ ወዲያ ሄኒ ቴሌቪዥኑን ስትቀንሰው ተሰማ።

«ያኔውኑ» አለች ሄኒ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ፈጠን ፈጠን ብላ ማውራት ጀመረች። እነሱ ቤት ከተሰማ ወንድሟ አለቀለት። ገመዱ ከሱቁ ሲገዛ ጀምሮ እንዲህ ነበር ቢባል ማን ያውቃል። «ፋዘርሽ በምን ያጣራል? ደግሞ ለአንድ ሌሊት ነው። አንድ ሌሊት ይችላል።»

ፌናን ቻው ሳትል ዘጋችው።

ገመዱን ከሸራው ስር አወጣች። ምናልባት አንድ ቦታ ብቻ ይሆናል ብላ አሰበች። አንድ ቦታ ከሆነ እዚያ ጋ ቆርጣ መቀጠል ይቻላል፤ ወይም የተጎዳውን ጫፍ ጀልባዋ ውስጥ ማስቀረት። ነገር ግን አሲዱ የነካው ገመዱ እንደተጠቀለለ ነው። ስትዘረጋው ደረቁ ቦታ አንድ ክንድ ተኩል ያህል እየራቀ ደጋግሞ መጣ። እስከ ጫፉ ድረስ ተከተለችው። ተቆርጦ የሚቀጠል አይደለም።

አንዱን ጫፍ የሕንፃው ብረት ላይ አስራ ሌላውን ወገቧ ላይ ጠምጥማ ወደ ኋላ ተንጋለለች። ገመዱ ቻላት። እንደገና ሞከረች፤ አሁንም ቻላት። ትንሽ ደስታ ደረቷ ውስጥ ብልጭ አለ፤ ከሁሉም በላይ ያስፈራት ይህ ደስታ ነው። እሷ ንፋስ አይደለችም።

ላንጋኖ ንፋሱ ሲነሳ እንዴት እንደሆነ አይታለች። ገመድ ተኝተው ሳለ ቢበጠስ ማን ይሰማል? ጀልባዋ ዝም ብላ ትሄዳለች፤ እነሱ ብርድ ልብስ ውስጥ ናቸው፤ ድንጋያማው ዳር ጨለማ ውስጥ ይጠብቃል።

«ለምንድነው ያሰርሽው?»

ሉላ ናት። ብርቱካናማውን የዋና ጃኬት ከቁርስ ጀምሮ አላወለቀችም፤ አገጯ ውስጡ ገብቷል። እናታቸው ስንቁ መቋጠሩን ንገሪ ብላ ልካት ነው።

«እየሞከርኩት ነው።»

«ጠንካራ ነው?»

ሉላ መልስ አልጠበቀችም። ተሳቢው ላይ ተቀምጣ፣ እሷ የምትተኛው ከፊት፣ ገመዱ ከሚታሰርበት አጠገብ እንደሆነ፣ ላጲሶ ከፈቀደላት ሌሊት ገመዱን እንደምትይዘው ታወራ ጀመር።

ከመንገዱ በኩል የመኪና ድምፅ መጣ። ፒካፕ አልነበረም፤ ሚኒባስ ነው። ፌናን ግን ዓይኗን ከበሩ አላነሳችም። አባቷ አይጮህም። አይማታም። ሲያዝን ዝም ይላል፤ ቤቱ ሁሉ አብሮት ዝም ይላል። ጣውላውን በእጁ ሲልግ የኖረው ሰው፣ የተዋሰውን መኪና ይዞ እየሳቀ ሲገባ ይታያት ነበር። ያኔ አፏ ምን እንደሚል ራሷም አታውቅም። ከሱቁ ጀምሮ እንዲህ ነበር ልትል ትችላለች። ቃሉ ተዘጋጅቶ ምላሷ ላይ ተቀምጧል።

ከዕቃ ሳጥኑ ውስጥ ቢላዋ አወጣች።

«ፌናን?» አለች ሉላ።

ገመዱን ከብረቱና ከወገቧ ፈትታ መሃሉ ላይ አጥፋ ተሳቢው ላይ አስደገፈችው። ከደረቀው ቦታ ሸሽታ ጤነኛውን መረጠች፤ ራሱ ተበጠሰ እንዳይባል፣ ቀጥሎም ሊያስርበት የሚችል ማንም እንዳይኖር። ቢላዋው አንሸራተተ። ደጋግማ ገዘገዘችው። ጤነኛው ናይለን አልሸነፍ አለ፤ ጥሩ ገመድ ነበር የመረጠችው። ክሮቹ አንድ በአንድ እየተፈቱ፣ በመጨረሻ ቢላዋው ወደ ተሳቢው ጣውላ ወረደ።

ሉላ ተሳቢው ላይ እንደተቀመጠች አፏን ከፍታ ታያለች። ጃኬቷን ግን አላወለቀችም።

ከበሩ በኩል ጡሩምባ ተነፋ፤ የላጲሶ የመዝሙር ፉጨትም ከኋላው ተከተለ። ጥበቃው በሩን ለመክፈት ሮጠ። ፌናን ቢላዋውን ሳጥኑ ውስጥ መለሰች፤ የተቆረጡትን ሁለት ጫፎች በሁለት እጇ ያዘች፤ የቀረው ገመድ መሬት ለመሬት እየተጎተተ ሲከተላት፣ ፒካፑ ገና ሳይቆም ወደ በሩ መሄድ ጀመረች።