ከግድግዳ የወረደው ፊታውራሪ

አቶ ላቀው በአዲሱ ሳሎናቸው መካከል በደረታቸው ተደፍተው ሞተው ተገኙ። ማጅራታቸው ተሰብሯል፤ ጀርባቸው ላይ የአያታቸው የፊታውራሪ ገብረሰንበት ምስል ተጋድሟል። ምስሉ ወረቀት ሳይሆን ብረት ላይ የታተመ ነው። እንደዚሁ የታተሙ ዘጠኝ ነገሥታትና መኳንንት ከየግድግዳው ቁልቁል ያያሉ።

ኢንስፔክተር ደጊቱ በባጃጅ ስትደርስ እሑድ ረፋድ ሆኗል። በረንዳው ላይ ሁለት ፖሊሶች አንድ በካቴና የታሰረ ቀጭን ሰው ይዘዋል፤ ለቀስተኛው ሊበላው ደርሷል።

«ይኸ ነው የሰቀለው!» አለ ጎረቤቱ ባምላኩ። «ብረት በምስማር አንጠልጥሎ ሰው ፈጀ!»

«እጁ ይድረቅ!» አለች አንዲት ሴት።

የታሰረው ቂርቆስ ነው፤ ከአሮጌ ፎቶ እየቀዳ በስስ አሉሚኒየም ላይ የሚያትም ባለሙያ። ምስሎቹን ትናንት ከሰዓት የሰቀላቸው እሱ ነው። ንጋት ላይ ማተሚያ ሱቁ ውስጥ ብቻውን ተኝቶ ስለነበር የሚመሰክርለት የለም።

«በሁለት ብሎን ላይ ነው የሰቀልኩት» አለ። «ሦስት ልጆች አሉኝ፤ በማላውቀው አትቅበሩኝ።»

«ሰው ገድሎ ልጅ ይቆጥራል!» አለ ባምላኩ።

ደጊቱ ወደ ሳሎኑ ገባች። ሐኪሙ ሰውዬው የሞቱት ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው ብሏታል። ቀና ብላ ግድግዳውን አየች፤ ሁለቱ ብሎኖች ቀጥ ብለው ቆመዋል። ጓንት አጥልቃ ምስሉን በአንድ እጇ አነሳችና አራቱን ማዕዘኖች በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ወንበር ላይ አስደግፋ፣ አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ የሟችን ሚስት እናኑን አስጠራች። እናኑ ቡሬ እህቷ ዘንድ አድራ መምጣቷ ነበር።

«ለምን ሄዱ?»

«ይኸን አይቼ» አለች ምስሉን በአገጯ እያመለከተች። «የእኔን አያት ግራር ላይ የሰቀለ እሱ ነው። እኔ ለላቀው የተዳርኩት ደም ሊደርቅ ነው፤ ሽማግሌ አስምሎ። ስሙ እቤታችን ላይነሳ ነበር መሐላው። ሠላሳ ዓመት አልተነሳም። ትናንት ከነጎፈሩ መጥቶ ከምበላበት ገበታ ፊት ለፊት ተሰቀለ።»

«ባለቤትዎን ጠልተዋቸው ነበር?»

«ትናንት? አዎ። ዛሬ ሞቷል፤ ተይኝ።»

ይህን ስትል ታላቅ ወንድሟ ትዕዛዙ ከገጠር ደርሶ ገባ። ጋቢውን ተከናንቧል፤ እጁ ባዶ ነው። ምስሉን ሲያይ ተንደርድሮ ሄደ።

«እንትፍ! ዛሬም ሰው ትገድላለህ?» ምራቁ በሚያብረቀርቀው ብረት ላይ ከፊታውራሪው ጢም ቁልቁል ወረደ።

«ጋሽ ትዕዛዙ፣ ንጋት ላይ የት ነበሩ?»

«ቅዳሴ ነዋ። ቆርቤ ስወጣ ነው መርዶው የደረሰኝ።»

«ዱላዎስ? ያለ ዱላ መንገድ ይወጣሉ?»

«በዱላ ነው እንዴ የሚቆረበው? እናንተ የከተማ ሰዎች!»

«እግዜር ይቀበልልዎ» አለችና ወጣች።

በረንዳው ላይ ስልክ ደወለች። አንዱን ፖሊስ ወደ ጓሮ ላከችው። ከዚያ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች፤ ቂርቆስንም ከነካቴናው።

«አቶ ባምላኩ፣ ጓንት ያድርጉና ይኸን ያንሱት።»

ባምላኩ በሁለት እጁ ተዘጋጅቶ አነሳው፤ ከግምቱ በላይ ቀሎት ወደ ኋላ ተንገዳገደ። «ምንድን ነው፣ ትሪ ነው እንዴ?»

«ሁለት ኪሎ አይሞላም። ማዕዘኖቹም ገና ሲቆረጡ እንደነበሩ ሹል ናቸው። ማጅራት የሰበረ ስስ ብረት አንድ ቦታ እንኳ ይጣመም ነበር። ብሎኖቹም አልተነቃነቁም፤ ምስሉ ደግሞ ወደ ላይ ካላነሱት አይወርድም። ስለዚህ አልወደቀም፤ ሰው ነው ያወረደው። ብረት ከተባለ ከባድ ነው ብላችሁ እንደምታምኑ ያወቀ ሰው።»

«ቂርቆስ ራሱ ቢሆንስ?» አለ ትዕዛዙ።

«ገዳይ በገዛ ሥራው አሳቦ ራሱን ያስከስሳል? እናኑም ንጋት ላይ ቡሬ እንደነበሩ እህታቸውና ጠዋት ሦስት ሰዓት ከዚያ ያሳፈራቸው የሚኒባስ ሾፌር መስክረዋል። ጋሽ ትዕዛዙ፣ እርስዎ ይህን ምስል ሲያዩ ምን አደረጉ?»

«ተፋሁበት! አሁንም እተፋለሁ!»

«የቆረበ ሰው ምራቁን አይተፋም።»

አንዲት አሮጊት ሳያስቡት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

«አፉን ሸፍኖ ነው ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣው፤ ይህን በአገራችን ልጅም ያውቀዋል። ረስተው አይደለም፤ ዛሬ ስላልቆረቡ ነው። የደብርዎን ቄሰ ገበዝ ደውዬ ጠይቄያለሁ፤ እግርዎ ቤተ ክርስቲያን አልደረሰም።»

ፖሊሱ ከጓሮ ተመለሰ። ከጌሾው ቁጥቋጦ ሥር ያገኘውን ዱላ ይዟል፤ ጫፉ ላይ ደም ደርቋል።

ትዕዛዙ ዱላውን አይቶ ወደ እህቱ ዞረ። «ማታ ደውለሽ አለቀስሽብኝ። እንዴት ልተኛ? በሌሊት ተነስቼ መጥቼ አውርደው ብዬ ለመንኩት። ‹ታሪክ ነው› አለኝ። የአያቴ አንገት ታሪክ ሆነለት! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።»

«የደወልኩልህ እንድትሸመግለን ነበር» አለች እናኑ።

«የሽምግልናው ጊዜ ምስሉ ግድግዳ ላይ ሳይወጣ ነበር።»

«የእኔስ ልጆች? እኔን ጠርጥረው አስረውኛል፤ አንተ ዝም ብለህ ልታየኝ ነበር?» አለ ቂርቆስ።

ካቴናው ከቂርቆስ እጅ ወጥቶ በትዕዛዙ እጅ ገባ። ቂርቆስን ቀድሞ የረገሙት ሰዎች መንገድ ለቀቁለት እንጂ ይቅርታ ያለው አንድም አልነበረም። ባምላኩማ ፊቱን አዙሮ ጫማውን ያይ ነበር። ቂርቆስ በሩ ላይ ሲደርስ እናኑ ጠራችው።

«የላቀውን ፎቶ እሰጥሃለሁ፤ በዚሁ ብረት አትምልኝ።»

«የት ነው የምሰቅለው?» አለ ቂርቆስ በዝግታ።

እናኑ ፖሊሶቹ ይዘውት የሚወጡትን ወንድሟን እያየች መለሰች።

«ተፈትቶ ሲመጣ፣ ገና በሩን ሲከፍት ዓይን ለዓይን የሚያየው ቦታ።»