ያላዘመመው በረዶ

ግርማ የሰደበኝ መስከረም አሥራ ሰባት፣ በመስቀል ቀን፣ እዚህ ስደት አገር፣ ሮመን በሚባለው ሠፈር፣ የእኛ ሰው በሚሰበሰብበት አዳራሽ ውስጥ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ይሆናል። የአዳራሹ ፍሪጅ አልቀዘቅዝ ብሎ እኔ ከኋላው ተንበርክኬ ስፈታ፣ እሱ ሳህኑን እንደያዘ ወደ ሰዉ ዞረና፣ «ብርሃነመስቀል እኮ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ፊደል አላየም፤ የሚያነበው የፍሪጅ መብራት ሲበራለት ብቻ ነው» አለ። ሠላሳ አንድ ሰው ነበር። ቆጥሬያለሁ። መጀመሪያ የሳቀው ዓምሃ ነው፣ የግርማ የእህቱ ልጅ። ኢንጂነሪንግ ጀምሮ አቋርጦ ታክሲ የሚነዳ ሰው ነው፤ በእኔ ለመሳቅ ግን የጀመረው ይበቃዋል።

ይህን የማነሳው ለቂም አይደለም። ፖሊሷ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ይህንኑ ስለሆነ ነው።

በኅዳር መጨረሻ፣ እሁድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ሌሊቱን ማዮርስቱን የባቡር ጣቢያ ሳጸዳ አድሬ ገና ጫማዬን ማውለቄ ነበር።

«ብርሃነመስቀል ነህ? ብሩክታዊት እባላለሁ፣ ከፖሊስ ነው። ትናንት ብሪን ሠፈር ቦቢል ውስጥ ፍሪጅ ጠግነሃል፣ አይደል?»

«ጠግኛለሁ።»

«ባለቤቱ ሞቷል። አሁኑኑ ና።»

ድምጿ የልጅ ነው፣ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። አንተ አለችኝ። እሱንም በሆዴ ያዝኩት።

ቦቢል የሚሉት ቤትም መኪናም የሆነውን ነው፤ ከፊት ይነዳል፣ ከኋላ አልጋና ምድጃ አለው። ግርማ ከሚስቱ ከተለያየ ወዲህ ብሪን ካለው ጎማ ቤት ጓሮ ቦቢሉን አቁሞ እዚያው ይኖር ነበር። ስደርስ ሬሳውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው እያወጡት ነው። የግቢው በረዶ በአምቡላንስ ሰዎች ጫማ ተረግጦ ጭቃ ሆኗል። አንድ ፖሊስ የግቢውን በር ከኋላዬ ቆለፈው።

ፉርቱና የተደረደረ ጎማ ላይ ተቀምጣለች፤ ጉልበቷ ላይ ክዳን ያለው የሽሮ ሳህን አለ። ኤርትራዊት ናት፣ እዚያው ሠፈር ቢሮ የምታጸዳ፣ ግርማ ሊያገባት የነበረ። የጾም ምግብ ልታደርስለት መጥታ ያገኘችው እሷ ናት። ዓምሃ ግን ተቀምጦ አልጠበቀኝም።

«ይኸው! ገዳዩ በእግሩ መጣ! ማንበብ የማይችል ሰው ጋዝ ሲነካ መጨረሻው ይኼ ነው!»

«ዓምሃ፣ ቆይ» አለች አንዲት አጭር ሴት፣ ጓንቷን እያወለቀች። ብሩክታዊት ይቺ ናት። ማስታወሻ ደብተር አልያዘችም። ዓይኗ ግን ከእኔ ፊት ወደ ጫማዬ፣ ከጫማዬ ወደ መሣሪያ ሳጥኔ ወረደ። ከዚያ ፖሊስ መኪናው ውስጥ ከኋላ አስገባችኝና አጠገቤ ተቀመጠች። የዚያ መኪና የኋላ በር ከውስጥ አይከፈትም። እጀታውን ስነካ አየችኝ።

«ግርማን ትጠላው ነበር?»

«አዎ።»

«በመስቀል ቀን ስለሰደበህ?»

«ማን ነገረሽ?»

«ዓምሃም ፉርቱናም። ታዲያ ከጠላኸው ለምን ጠገንክለት?»

«ፍሪጁ አልሰደበኝም።»

ፈገግ ልትል ነበር፤ ተወችው።

«ግርማን የገደለው ጭስ ነው። የማይታይ፣ የማይሸት። ፍሪጁ በጋዝ ሲሠራ አድሯል፤ በውጭ በኩል ያለው የጭስ መውጫ ደግሞ በጨርቅ ተደፍኗል። ይኼ ጨርቅ የማን ነው?»

በላስቲክ ከረጢት ያለ ሰማያዊ መስመር ያለው ጨርቅ አሳየችኝ።

«የእኔ ነው። ረስቼው ነው የሄድኩት። ግን ፍሪጁን በኤሌክትሪክ ነው የተውኩት። ጋዝ አልነካሁም፤ የጋዝ ሥራ ፈቃድ ወረቀት የለኝም።»

«ወረቀት ስለሌለህ አልነካህም? ወይስ ወረቀት ስለሌለህ አልነካሁም ትላለህ?»

ሁለቱ ለየቅል ናቸው፤ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ያለ ወረቀት ጋዝ ነክቶ ሰው የገደለ ሰው ከዚያ መኪና የሚወጣው ወደ እስር ቤት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁበት እጄ በአንድ ጨርቅ ሊታሰር ነው።

«በል ከመጀመሪያው ንገረኝ። ፍሪጁ ምን ነበር ችግሩ?»

«ችግሩ ፍሪጁ ላይ አልነበረም። የቦቢል ፍሪጅ እንደ ቤት ፍሪጅ ሞተር የለውም። ከኋላው በሙቀት ወጥቶ በራሱ ክብደት የሚወርድ ፈሳሽ ነው የሚያቀዘቅዘው። መኪናው ካዘመመ ፈሳሹ መውረጃ ያጣና ፍሪጁ ይሞቃል። የግርማ ቦቢል ወደ ግራ አዘምሞ ነው የቆመው። ሌላ ሰው መጥቶ ፍሪጁን ጣለው ብሎታል። እኔ ከኋላ በግራ በኩል ካለው ጎማ ሥር ወፍራም ሳንቃ አስገብቼ ቦቢሉን አስተካከልኩ። መተንፈሻውን ጠረግኩ፣ የበሩን ላስቲክ አጠብኩ፣ አንድ ኩባያ ውኃ ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጥኩ፣ መሣሪያዬን ሰብስቤ በዘጠኝ ሰዓት ወጣሁ። ማታ ማዮርስቱን ጽዳት ገብቼ ከአራት ሰው ጋር አደርኩ።»

«ስለ ጋዝ የተነገረ ነገር የለም?»

«አለ እንጂ። ከፍሪጁ ጀርባ ያለው ማሸጊያ በስብሷል። ማሸጊያ ገዝቼ እስክመለስ ጋዝ እንዳትለኩስ፣ ጭሱ ወደ መኝታህ ይገባል አልኩት። ፉርቱናም ዓምሃም ቆመው ሰምተዋል።»

ቆልፋብኝ ወረደች። መስኮቱ የጣት ያህል ክፍት ስለነበር መስማት አላቃተኝም።

«ፉርቱና፣ ትናንት ስንት ሰዓት ሄድሽ?»

«ከብርሃነመስቀል ጋር አብረን ወጣን፣ በዘጠኝ። ሥራ ነበረኝ። ዓምሃ ቀረ።»

«ከግርማ ጋር ተጣልተሽ ነበር ይባላል።»

«ተጣልቻለሁ፤ ምን እደብቃለሁ? ሠርጋችንን ሁለቴ አራዘመው። በመጨረሻ፣ ሰኞ ፖሊስ ዘንድ ሄጄ አንድ ነገር ካልተናገርኩ መቁረብም ማግባትም አልችልም አለኝ።»

«ምን ነገር?»

«አልነገረኝም። የእኔ ብቻ ኃጢአት ቢሆን ይቀል ነበር አለኝ፣ አለቀ። ከጥቅምት ወዲህ እንቅልፍ የለውም፤ ክኒን እየዋጠ ነው የሚተኛው።»

«መኪና ትነጃለሽ?»

«እኔ? እግዜር ያሳይሽ፣ ብስክሌት እንኳ ወጥቼ አላውቅም።»

ብሩክታዊት ወደ ዓምሃ ዞረች። እሱ ታክሲውን ተደግፎ ነው የቆመው።

«እኔ ምንም የምደብቀው የለም» አለ ሳትጠይቀው። «ብርሃነመስቀል ከሄደ አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ አሥር ሰዓት ግድም፣ ጎማው ከዚያ ሳንቃ ላይ ተንሸራቶ ወረደ። ቦቢሉ እንደ ድሮው አዘመመ። አጎቴ ተናደደ፤ ይኼ መሃይም አበላሸብኝ፣ በቃ በጋዝ አደርገዋለሁ አለ። እኔ ተው ብዬዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እስኪነጋ ታክሲ ላይ ነኝ።»

«ሌሊት ወደዚህ አልመጣህም?»

«ናይ፣ አልመጣሁም! ምን ልሠራ?»

መኪናው ውስጥ ሆኜ ግንባሬን መስታወቱ ላይ አሳረፍኩ። መሃይም ያለው ግርማ ይሁን ዓምሃ አላውቅም፤ ሁለቱም ያምርባቸዋል። ዓይኔ የታክሲው የፊት መብራቶች ላይ ወደቀ። የግራው ያረጀ፣ ቢጫ ነው። የቀኙ አዲስ፣ እንደ ውኃ የጠራ። ከዚያ ወደ ቦቢሉ አየሁ። እውነትም አዘምሟል፤ ሳንቃዬ ከጎማው ኋላ ተጥሏል። በእኔ ሳንቃ ላይ የወጣ ጎማ በራሱ ወርዶ አያውቅም፤ ግን ይህን ማን ያምነኛል? ሌሊት ማዮርስቱን መሆኔንም አራት ሰው ይመሰክርልኛል፤ እሱም አይረባኝም፤ ጥፋቱ የቀን ነው ተብሏላ።

የቀን።

መስታወቱን በቡጢ ደበደብኩ። ፖሊሱ ደነገጠ። ብሩክታዊት መጥታ በሩን ከፈተችው።

«ፍሪዘሩን የከፈተ ሰው አለ?»

«የለም። ለምን?»

«ኩባያዬ እዚያ ነው። ፍሪጅ ስጠግን ሁሌ አንድ ኩባያ ውኃ ትቼ ነው የምሄደው። በማግስቱ በረዶ ከሆነ ሥራዬ ሥራ ነው፤ ካልሆነ ተመልሼ እመጣለሁ። እንዳታዘምሚው፣ ዝም ብለሽ እይው።»

አየችኝ። ስለ ምን እንደማወራ ለመረዳት የፈጀባት ትንፋሽ የመሳብ ያህል ነው። ስልኳን አውጥታ በኖርዌጂያንኛ ስለ አንድ የታክሲ ቁጥር ጠየቀች፤ ረጅም ጊዜ ጠበቀች፤ «ታክ» ብላ አመስግና ዘጋች።

ከዚያ ሁላችንንም ቦቢሉ ውስጥ አስገባችን። ፉርቱናና እኔ በአንድ ወንበር፣ ዓምሃ ፊት ለፊታችን፣ ፖሊሱ በሩ ላይ። ጠባብ ነው፤ የአንዱ ጉልበት የሌላውን ይነካል። ወለሉ ስላዘመመ ሁላችንም ወደ ግራ እንንሸራተታለን፤ ፉርቱና እኔ ላይ ተደግፋለች። የግርማ ብርድ ልብስ አልጋው ላይ እንደተገፈፈ ነው። ማንም ወደዚያ አላየም።

ብሩክታዊት ባዶ ኩባያ ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ከጠርሙስ ውኃ ቀዳችበት።

«እዩት። ቤቱ አዘምሟል፤ ውኃው ግን ቤቱን ተከትሎ አይዘምም። ስለዚህ በአንድ በኩል የኩባያውን አፍ ሊነካ ደርሷል፣ በሌላው በኩል ሁለት ጣት ጎድሏል። ዓምሃ፣ ልክ ነኝ?»

«ልክ ነሽ፤ እና ምን ይጠበስ?»

ፍሪዘሩን ከፈተች። የእኔን ነጭ ኩባያ በሁለት ጣቷ አውጥታ ከውኃው አጠገብ አስቀመጠችው። በረዶ ሆኗል። ዙሪያውን ከአፉ እኩል ነው የጎደለው፤ አንዲት ጸጉር አልዘመመም። ሥራዬ ሥራ ነበር።

«ብርሃነመስቀል፣ ውኃው ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚረጋው?»

«ፍሪጁ ሞቆ ነበር። ከሙቀት ተነስቶ በረዶ ለመሥራት ስምንት ሰዓት ይፈልጋል። በዘጠኝ ሰዓት ነው ያስቀመጥኩት፤ ከምሽቱ አምስት በፊት አይረጋም።»

«ስለዚህ» አለች፣ ድምጿን ሳትጨምር፣ «ቦቢሉ ትናንት ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ቢያዘምም ኖሮ ይኼ በረዶም ልክ እንደዚህ ውኃ በኩባያው ውስጥ በአንድ በኩል ከፍ ብሎ ነበር የሚረጋው። አልዘመመም። ምሽት አምስት ሰዓት ድረስ ሳንቃው ጎማው ሥር ነበር፤ ቦቢሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ፍሪጁም በደንብ ይሠራ ነበር። የሚሠራ ፍሪጅ ያለው ሰው፣ አትለኩስ የተባለውን ጋዝ ለምን ይለኩሳል? አልለኮሰም። ግርማ ክኒኑን ውጦ ተኝቷል። ሌላ ሰው በሌሊት ገባ፣ ፍሪጁን ወደ ጋዝ አዞረ፣ የተረሳውን ጨርቅ መውጫው ውስጥ ወተፈ። ነገሩ ካለቀ በኋላ ተመልሶ ቦቢሉን ክንድ ያህል ወደ ፊት ነድቶ ከሳንቃው አወረደው፣ ጥፋቱ የጠጋኙ እንዲመስል። ፉርቱና መንዳት አታውቅም። ብርሃነመስቀል ሌሊቱን ማዮርስቱን ነበር። የቦቢሉ ትርፍ ቁልፍ ያለው ማን ጋ ነው?»

ፉርቱና ቀስ ብላ ቀና አለች። «ዓምሃ ጋ» አለች።

«ታክሲህ የት እንደቆመች መሣሪያዋ ይመዘግባል፣ ዓምሃ። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ እዚህ በር ላይ ነበረች። ሊነጋ ሲል፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይም ተመልሳለች።»

«ደንበኛ ነበረኝ—»

«ጥቅምት ላይ ከዚህ በታች ባለው መንገድ አንዲት ብስክሌተኛ ተገጭታ ሞተች። የገጫት አልቆመም። መሬቱ ላይ የተሰበረ የፊት መብራት አግኝተናል፤ የቀኝ። የአንተ ቀኝ መብራት ስንት ወሩ ነው? ግርማ የዚያን ቀን አጠገብህ ተቀምጦ ነበር አይደል? ሰኞ ሊናገር የነበረው ይኼን አይደል?»

ዓምሃ ሊነሳ ሞከረ። የሚነሳበት ቦታ አልነበረም፤ ጠረጴዛው ሆዱን ይዞታል፣ የእኔ ጉልበት ጉልበቱን። እኔም አላነሳሁለትም።

«ጥቂት ዓመት ነው፣ ታስረህ ትወጣለህ አለኝ» አለ በመጨረሻ። «እንደ ቀላል! እሱ ቆርቦ ሊሞሸር፣ እኔ እስር ቤት ልገባ። ለመንኩት፤ እግሩ ላይ ወደቅኩ። እንዲያው ተኝቶ... ምንም አልተሰማውም።» ከዚያ ኩባያውን አየ፣ እኔን አየ። «በአንድ ኩባያ ውኃ? በአንተ?»

ፉርቱና ሳህኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሲወስዱት የግቢው በር ተከፈተ። ብሩክታዊት ወደ እኔ መጣች፣ ፊቷ ደክሟል።

«ጋሽ ብርሃነመስቀል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ብዙ አስቀመጥኩዎት።»

ራሴን ነቀነቅኩላት። ኩባያውና ሳንቃው ለማስረጃ ይቀራሉ። የመሣሪያ ሳጥኔን አንስቼ በሩ ጋ ስደርስ ፉርቱና በጭቃው እየተንሸራተተች ደረሰችብኝ።

«ትንሽ ቁም። ትናንት፣ አንተ ከሄድክ በኋላ ግርማ ሥራ ቦታ ደውሎልኝ ነበር። ያን ሁሉ ስድብ ተናግሬው እንኳ ብርሃነመስቀል መጥቶ ተንበርክኮ ሠራልኝ፣ እንዳልሞትም አስጠነቀቀኝ፣ አፈርኩ አለኝ። ነገ ሮመን፣ እዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ አለኝ።»

እሁድ ነው። ይህን ጊዜ ቅዳሴ ወጥቶ ሰዉ አዳራሹ ገብቷል። ሠላሳ አንዱም ሳይኖሩ አይቀሩም።

«ሳይነግርህ ሞተ፤ እኔ ነገርኩህ» አለች ክንዴን ይዛ። «ይቅር በለው። ይቅር ብዬዋለሁ በለኝና ልቅበረው።»

እጇን ከክንዴ ላይ ቀስ ብዬ አነሳሁት። እጇ ቀዝቅዞ ነበር። ሳጥኔን ወደ ሌላው እጄ አዛወርኩና በተከፈተው በር ወጣሁ። ከኋላዬ በስሜ ጠራችኝ፤ ሁለተኛም ጠራችኝ። ወደ ባቡር ጣቢያው የሚወስደው መንገድ በረዶ ነው፤ እግሬን እያየሁ ሄድኩ።