የእህቷ አስተማሪ

ፀጉር ሠሪዋ በሰው ቀንታ አታውቅም ነበር። ሙሽሮችን ስታሰማምር ውላ የራሷን ፀጉር በሻሽ ጠቅልላ ስትገባ እንኳ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብላ ስቃ የምታልፍ ሴት ነበረች። አስተማሪው ከቤቷ እስኪገባ ድረስ።

እናታቸው ከሞተች ወዲህ ታናሽ እህቷን የምታሳድገው እሷ ነች። ልጅቷ ስምንት ዓመት አልሞላትም፤ ሚጢጢ ይሏታል። ሚጢጢ ኦቲዝም አለባት። ቃል ከአፏ የሚወጣው በስንት ጊዜ አንዴ ነው። የክፍል ጫጫታ ደግሞ ጆሮዋን አስይዞ ጠረጴዛ ሥር ያስገባታል። ስለዚህ ትምህርቱ ራሱ ቤት ድረስ እንዲመጣላት ተወሰነ። መጣም፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ የተቀደደ ወጣት ሆኖ።

የመጀመሪያ ቀን ደብተር አላወጣም። ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠና ሚጢጢ የእህቷን ፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲኖች በየቀለማቸው ስትደረድር ዝም ብሎ አያት።

«ማስተማሩ መቼ ነው የሚጀመረው?» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ ከቤቱ ፊት ለፊት ካለው ፀጉር ቤቷ ብቅ ብላ።

«ጀምረናል እኮ። ለጊዜው አስተማሪዋ እሷ ነች» አለና ቀና ብሎ አያት። «እርስዎም ቢቀመጡ ደስ ይለኛል።»

«ደንበኛ አለብኝ።»

እያደር ቤቱ ተለወጠ። ቀኑ በሥዕል ተሠርቶ ግድግዳው ላይ ተደረደረ፤ መታጠብ፣ ምሳ፣ ትምህርት፣ ጨዋታ። ሚጢጢ ቀጥሎ የሚመጣውን ስታውቅ ጩኸቷ ቀነሰ። በቢጎዲን መቁጠር፣ በቢጎዲን መደመር ጀመረች።

«በአጭሩ ይጠይቋት፤ ከዚያ ይጠብቁ» ይላል አስተማሪው። «መልሱ ሩቅ አገር ደርሶ ነው የሚመለሰው። ግን ይመጣል።»

አንድ ቀን ፀጉር ሠሪዋ ሚጢጢን መስኮቱ ሥር አገኘቻት። በእግር ጣቶቿ ቆማ፣ እጆቿን እንደ ክንፍ እያርገበገበች ትጠብቃለች። በሩ ሲንኳኳ ሳቀች። እሱ ነበር።

ፀጉር ሠሪዋ በልቧ አጉረመረመች። ያጠብኳት እኔ፣ ያጎረስኳት እኔ፣ ሳቋ ግን ለሱ! ስንት ዓመት ከሥራ ስገባ አንድ ቀን እንኳ መስኮት ሥር ጠብቃኝ ታውቃለች?

የባሰው ነገር በኋላ መጣ። እሱ ከመድረሱ በፊት መስታወት ፊት መቆም አመጣች። ሲስቅ ሳቁን፣ ዝም ሲል ዝምታውን በበሩ ክፍተት ታደምጣለች። እሱ ግን ዓይኑን ከልጅቷ አያነሳም። በእህቷ የተነሳ በሱ ትቀና የነበረችው ሴት፣ አሁን ደግሞ በሱ የተነሳ በእህቷ ቀናች። ነገሩ ቢያሳፍራትም አልለቃት አለ።

በዚህ መሀል ከበር ጀምሮ ሽቶዋ የሚቀድማት አንዲት ደንበኛ መጣች።

«የኔም ልጅ እኮ እንደ እህትሽ ናት» አለች፣ ፀጉሯ እየተጠቀለለ። «ያንን የሷን አስተማሪ ጠቅልዬ ልወስደው ነው፤ ሙሉ ቀን ከኛ ጋር። ደግሞ ሲያምር! አላገባም አይደል?»

ፀጉር ሠሪዋ የማድረቂያ ካስኩን በሴትዮዋ ራስ ላይ አወረደችና ሙቀቱን እስከ መጨረሻው ለቀቀችው።

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ ተቃጠልኩ!»

«ይቅርታ፣ እመቤቴ» አለች። ይቅርታው ከአፏ ወጣ እንጂ ከሆዷ አልወጣም።

ባልበላው ጭሬ ልበትነው አለች ዶሮ። በማግስቱ ለአስተማሪው ደወለች። «መምህር፣ ልጅቷ አሟታል። ዛሬ አይምጡ። ከእንግዲህም ባይመጡ ይሻላል፤ ሌላ ቤት አግኝተዋል አሉ።»

«የምን ሌላ ቤት?» ሲል ዘጋችው።

የትምህርቱን ሥዕል ግን ከግድግዳው አላነሳችም ነበር። ሚጢጢ ሰዓቷ ሲደርስ መስኮቱ ሥር ቆመች። ጠበቀች። ወደ ሥዕሉ ሄዳ በጣቷ ነካችው፤ ተመልሳ ቆመች። ማንም አልመጣም። በመጨረሻ መሬት ላይ ወድቃ እየጮኸች ራሷን በቡጢ መምታት ጀመረች።

ፀጉር ሠሪዋ ግማሽ ፀጉሯ የተሠራ ደንበኛዋን «በናትሽ፣ ነገ ልጨርስልሽ» ብላ አስወጣች። ሬዲዮውን ዘጋች። ትራስ ከልጅቷ ራስ ሥር አኖረች። ልታቅፋት እጇ ቢቃጣም ያዘችው፤ በዚህ ሰዓት መነካት እንደሚብስባት አስተማሪው ነግሯታል። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ጩኸቱ ወደ ሲቃ፣ ሲቃው ወደ ረጅም ትንፋሽ ወረደ። ፀጉር ሠሪዋ አንድ ቀይ ቢጎዲን አስቀመጠች። ጠበቀች። ሚጢጢ እያለከለከች ሌላ ቀይ ከጎኑ አኖረች።

አስተማሪው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ታማለች ሲባል አላስቻለውም።

«አልታመመችም» አለች ፀጉር ሠሪዋ ኮቴውን ሰምታ፣ ሳትዞር። «ዋሽቼዎት ነው።»

«ለምን?»

«ቀንቼ።»

«በማን?»

ጥያቄውን አልደገመውም። ጠበቃት።

«መጀመሪያ በእርስዎ፤ ሳቋን ወሰዱብኝ ብዬ። አሁን ደግሞ... በባለ ሽቶዋ ሴትዮ።»

ጫማውን አውልቆ አጠገቧ ተቀመጠ። «የሴትዮዋ ልጅ ትምህርት ያስፈልጋታል፤ ጠዋት ጠዋት እሄዳለሁ። ሙሉ ቀን ግን አይሆንልኝም አልኳት። ከሰዓት በኋላ እግሬ የሚቸኩልበት ቤት አለኝ።» አንድ ቢጎዲን ከምንጣፉ አነሳ። «ሳቋን አልወሰድኩብሽም። ከእንግዳ ጋር ይሳቃል፤ የሚለቀሰው ግን የራስ ሰው ጋ ነው። በሚጢጢ እኮ እኔ ነኝ የምቀናው፤ እሷ አንቺ አለሻት። ለደንበኛ ሁሉ ትስቂያለሽ፣ እኔ ስገባ ፊትሽን ታጠቁሪያለሽ።»

«እርስዎ» ማለቱን ትቶ «አንቺ» አላት። ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ዓይኖቻቸው ተገናኙ።

ያኔ ሚጢጢ ተነሳች። አስተማሪውን እጁን ይዛ አስነሳችው፤ እየጎተተች በሩ ድረስ ወሰደችውና ወደ ውጭ ገፋችው።

«ሂድ» አለች፤ ጥርት አድርጋ። በሩን ዘግታም ተመለሰችና የእህቷ ጭን ላይ ተቀመጠች።

ከውጭ የሳቅ ድምፅ ተሰማ። «አየሽ» አለ አስተማሪው በካልሲው እንደቆመ፣ «በማን እንደሚቀና? ኧረ ጫማዬን እንኳ ስጡኝ!»

ፀጉር ሠሪዋ እህቷን ሳታጠብቅ አቅፋ ሳቀች፣ ሳቋም እንባ ሆነ።

በዓመቱ ተጋቡ። ዛሬም ሚጢጢ ሶፋው ላይ የምትቀመጠው ከሁለቱ መሀል ነው። እሱ ቀስ ብሎ እጁን በስተጀርባዋ ወደ ሚስቱ ትከሻ ሲልክ፣ ዘወር ብላ እንኳ ሳታይ እጁን ታነሳና ወደ ጭኑ ትመልስለታለች።