ከዳር የተቀመጠው ድንጋይ

ደላላው ነመራ የሞተው ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከመቱ ወደ ሁሩሙ በሚያወጣው ቁልቁለት ነው። ሊያሻሽጣት ሲለፋ የዋለላት ነጭ ትንሽ መኪና ሰው ሳይኖርባት ተንሸራታ ከድንጋይ አጥር ጋር አጣበቀችው። መኪናዋ ሁለት ሺህ ኪሎሜትር ብቻ የሄደች፣ የመቀመጫዋ ላስቲክ እንኳ ያልተነሳላት ነበረች። ኢንስፔክተር ዲሪቤ ስትደርስ ዝናቡ አባርቷል። ሬሳው በነጠላ ተሸፍኗል። አንዲት ወጣት ጭቃው ላይ ተቀምጣ «እኔ ነኝ የገደልኩት» ትላለች።

ወጣቷ ህሊና ትባላለች፤ ነርስ ናት። የአራት ወር ሕፃን አላት፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ገና ሁለት ወሯ ነው። መኪናዋን ልትገዛ ሞክራት፣ ቁልቁለቱ አናት ላይ ያቆመቻት እሷ ናት። የእጅ ፍሬኑ ወርዶ ተገኝቷል። ፖሊሶቹ ነገሩን የጨረሱት መስሏቸው በማግስቱ ጠዋት ፍርድ ቤት ሊያቀርቧት መዝገቡን አዘጋጁ። ዲሪቤ ግን በአንድ እይታ ያለቀ ነገር የማይዋጥላት ሴት ናትና ህሊናን አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«ፍሬኑን ስበሽው ነበር?»

«የሳብኩት ይመስለኛል፤ ግን ዝናቡ ስላቻኮለኝ እርግጠኛ አይደለሁም።» ህሊና ደረቷን በሁለት እጇ ያዘች። «ኢንስፔክተር፣ ልጄን አምጥተውልኝ ነበር፤ ጡቴ እምቢ አለ። ፍርሃት ወተት ያደርቃል እያልኩ እናቶችን የምመክረው እኔ ነበርኩ።»

«ካቆምሽ በኋላ ነመራ ምን አደረገ?»

«ድንጋይ አምጥቶ ከፊት ጎማው ስር ከተተ። እዚህ አገር ፍሬን ብቻ አይታመንም ብሎ ሳቀብኝ።»

ዲሪቤ ብዕሯን አስቀመጠች። ቁልቁለቱ ላይ ያየችው ነገር ታወሳት፦ ከአስፋልቱ ውጭ፣ ከቦዩ ማዶ፣ የጎማ ጥርስ ጭቃ ያተመበት ድንጋይ ሳሩ ላይ ተቀምጧል። የተወረወረ አይመስልም፤ ጠፍጣፋ ሆዱን አስይዘው ያስቀመጡት ይመስላል። ከነበሩት ሰዎች ሁሉ ጠይቃ ነበር፤ የነካው የለም። ሕዝቡ የሮጠው ወደታች፣ ወደ ሬሳው ነው።

ቀሪውን ህሊና ተረከችላት። በሰፈሩ ወግ ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት አይከራከሩም፤ ደላላው ነው በመካከል የሚመላለሰው። ሻጩ ጋሼ ሸዋንግዛው ከላይ በእህል መጋዘናቸው፣ እሷ ከታች ሰው በሌለበት ሻይ ቤት፣ መኪናዋን የመረመረው መካኒክ ኩማ ደግሞ ከመኪናዋ አጠገብ በተዘጋ ሱቅ በረንዳ ተጠልለው ነበር። ሦስቱም ብቻቸውን ነበሩና አንዱ ለሌላው ሊመሰክር አይችልም። ነመራ ለመጨረሻ ጊዜ ሲወርድ ደወለላት።

«ዋጋውን ተይው፣ የምነግርሽ ሌላ ነገር አለ፣ እየመጣሁ ነው አለኝ። ከዚያ ጩኸት ሰማሁ።»

ዲሪቤ ወደ ነጯ መኪና ሄደች። ሁሉ ነገሯ አዲስ ነው፤ የቀኙ የፊት መብራት ብሎኖች ግን በቁልፍ ተነካክሰዋል። ጋሼ ሸዋንግዛውን ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ለልጃቸው ገዝተዋት ልጁ ሌላ አገር ሥራ ስላገኘ ነው የሚሸጧት፤ ራሳቸው መሪ ጨብጠው አያውቁም።

«ኩማ ሊፈትሻት ወስዷት ሳለ ከፊት የሚሄድ መኪና ጎማ ያፈናጠረው ድንጋይ ሰበረው ብሎኝ፣ እሱው ቀየረልኝ» አሉ። «የጥምቀት ማግስት ነው።»

ዲሪቤ ያን ቀን አልረሳችውም። የጥምቀት ማግስት አንድ አዛውንት ገበሬ በኖፓ መንገድ ዳር ሞተው ተገኝተው፣ የገጫቸው መኪና እስከ ዛሬ አልታወቀም። ግን የተነካካ ብሎን ገዳይ ለማሰር አይበቃም። ጠዋት ደግሞ ህሊና ፍርድ ቤት ትቀርባለች። ዲሪቤም ፈራች፤ እውነቱን እያወቀች ንጹሕ ሰው አሳልፋ መስጠቷ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሦስቱንም ቁልቁለቱ አናት ላይ ሰበሰበቻቸው። የፖሊስ ፒካፕ በነጯ መኪና ቦታ ቆሟል፤ ውስጡ አንድ ፖሊስ ፍሬን ረግጧል፣ ከጎማው ስር ድንጋይ አለ።

«መኪናው እንዲሄድ ድንጋዩን አንሱልኝ» አለች፣ «በየተራ።»

ጋሼ ሸዋንግዛው ልብሳቸው እንዳይቆሽሽ ሰብስበው በጫማቸው ጫፍ ገፉት። ህሊና በሁለት እጇ አነሳችውና እዚያው ከጎማው ጎን ለቀቀችው። ድንጋዩ ተመልሶ ገባ፤ ተራው የኩማ ሆነ። ኩማ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አነሳ፣ አስፋልቱን አቋረጠ፣ ቦዩን ተሻገረና በጠፍጣፋ ሆዱ ሳሩ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ቀና ሲል የትናንቱ ድንጋይ ከእጁ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መሰለ።

ዲሪቤ ዝግ ብላ አስረዳች። ህሊና ፍሬኑን ሳትስብ ወርዳ ቢሆን እንኳ ድንጋዩ መኪናዋን ይዟት ነበር፤ ድንጋይ ደግሞ በራሱ ቦይ አይሻገርም። ያነሳው ሰው ቀጥሎ በሩን ከፍቶ ፍሬኑን ለቀቀ። ያን ያደረገው በረንዳው ላይ ቆሞ ነመራ እየደወለ ቁልቁል ሲሄድ የተናገረውን የሰማ፣ ጀርባውን ያየ ሰው ነው። ነመራ ብሎኖቹን አይቶ ለገዢዋ ሊናገር የሄደው የመብራቱን ነገር ነበር፤ መብራቱ ደግሞ የተሰበረው በድንጋይ ሳይሆን የኖፓው ሽማግሌ ሲገጩ ነው።

«ቸኩለህ ነበር፣ ሰው እየገደልክ ነበር» አለች። «ድንጋዩን ግን ከመንገድ አወጣኸው። ለምን?»

ኩማ ሁለቱን ድንጋዮች አየ። «ኤዬ፣ አዎ፣ አወጣሁት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የጭነት መኪና ሾፌር ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜ ጎሬ መታጠፊያው ላይ በሞተር ሳይክል ሲመጣ፣ አንዱ ሾፌር ከጎማው ስር አውጥቶ ትቶት በሄደው ድንጋይ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ድንጋይ መንገድ ላይ ትቼ አላውቅም።»

«የኖፓውን ሽማግሌ ግን ገጭተህ ትተሃቸው ሄደሃል» አለች ዲሪቤ። «ሐኪም ቤት አድርሰሃቸው ቢሆን ይተርፉ ነበር።»

ኩማ እጁን ዘረጋ፤ ፖሊሱ አሰረው።

ህሊና ግን ገና አላመነችም። ዲሪቤ ክንዷን ይዛ ሦስት ጊዜ «አንቺ አይደለሽም» ማለት ነበረባት። ከዚያ ህሊና ስልኳን አወጣች፣ ደረቷ ላይ ቀሚሷ በወተት ርሶ ነበር።

«እማዬ» አለች እያለቀሰች፣ «ልጁን ቶሎ አምጪልኝ።»