የእናትና የልጅ ደጅ ጥናት

ከማንኩሳ ወጣ ብሎ፣ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የአድማሴና የወለተ ሐና ቤት ነበር። ያ ቤት በ1969 ዓ.ም. እንዴት ያለ የሳቅ ቤት ነበር! ልጃቸው ያይኔአበባ ፍኖተ ሰላም ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆና ተቀጥራ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጭነት መኪና ተሳፍራ ስትመጣ አባቷ ማሳውን ጥሎ መንገድ ድረስ ወጥቶ ይቀበላታል፤ ላገኘው ሰው ሁሉ «የኔ ልጅ እኮ ጣቷን ሳታይ ነው የምትጽፈው!» ይላል። እናቷ ደግሞ በር ላይ ቆማ ከእግሯ እስከ ራሷ ታያትና «ከሳሽብኝ» ትላታለች። ብትወፍርም «ከሳሽብኝ»! ታናሽ ወንድሟ ክንፈሚካኤል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር። አራቱ አንድ ገበታ ከበው፣ እሱ የመምህራኑን አነጋገር እያስመሰለ ሲያስቃቸው ያመሹ ነበር... ወይ ያ ጊዜ!

በ1970 ዓ.ም. ክንፈሚካኤልን የደርግ ካድሬዎች ከትምህርት ቤት ሲወጣ ወሰዱት። እንደ ወጣ ቀረ። ስሙን የሰጠው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር መንበሩ ነው ተባለ፤ ያ ከአድማሴ ጋር በአንድ ጽዋ ማኅበር የሚጠጣው መንበሩ! ወለተ ሐና ያን ስም ዳግመኛ በአፏ ላትጠራ ማለች። ሁለት ወር ሳይሞላ ያይኔአበባም «የፀረ አብዮተኛ ቤተሰብ» ተብላ ከሥራዋ ተሰናበተች። መኪና መሳፈሩን እንኳ አፍራ፣ ነጠላዋን ተከናንባ በእግሯ ወደ ቤቷ ገባች።

ሥራ ፍለጋው ያን ጊዜ ተጀመረ። አንዲት ደህና ቀሚሷን አጥባ፣ አጣጥፋ ከመኝታዋ ሥር ታስተኛታለች፤ ጠዋት ለብሳት አንድ ቀን ፍኖተ ሰላም፣ አንድ ቀን ቡሬ ትሄዳለች። መልሱ ግን የትም አንድ ነው፤ «ሙያሽ መልካም ነው። ከገበሬ ማኅበርሽ የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ።» መንበሩ ግን አይሰጥም። አንድ ዓመት... ሁለት ዓመት... አምስት ዓመት! ጣቷ ሥራውን እንዳይረሳ ሳንቃ ላይ በከሰል የታይፕ ፊደል ሥላ ትለማመዳለች፤ ማታ ማታ ለመንደሩ ሰው ያለ ደመወዝ መሠረተ ትምህርት ታስተምራለች። አንድ ቀን ግን ተስፋዋ ተሟጦ ሳንቃውን ግቢ ውስጥ ወረወረችው። እናቷ አነሣችና ጭቃውን በቀሚሷ ጠረገችለት።

«ሥራሽን ወስደውብሻል፤ የምታውቂውን ግን ማን ይወስድብሻል? በይ ተቀመጪ» አለቻት።

በ1975 ዓ.ም. ሐምሌ፣ ቡሬ ላይ ለታይፒስት ቅጥር ፈተና እንዳለ ተሰማ። የጎደለው ያ ደብዳቤ ብቻ ነበር። አንባቢ ሆይ፣ እናት ምን ያህል ትችላለች? ወለተ ሐና ለማንም ሳትናገር ሄዳ ከመንበሩ ደጅ ቆመች። ዝናቡ ያወርደዋል። አንድ ቀን ቆመች፤ አልወጣም። በማግስቱም ቆመች። በሦስተኛው ቀን በሩን ከፈተ። ውኃው ከሻሿ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

«ወንዱን ወስደሃል» አለችው። «ሴቷን ስጠኝ።»

መንበሩ ዓይኗን ማየት አልቻለም። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ማኅተሙን መታበት።

ለልጇ «ራሱ ላከልሽ» ብላ ሰጠቻት። ሳሉ ግን የዚያኑ ዕለት ጀመራት። ያይኔአበባ «ትቼው ልቅር፣ እምዬ» ብትል፣ «ብርድ ነው፤ ሂጂ ብያለሁ!» ብላ አባረረቻት። ፈተናው ሁለት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን ውጤቱ ተለጠፈ፤ ከአሥራ ሰባት ተፈታኝ አንደኛ! ያይኔአበባ ያን መንገድ እንዴት እንደ ጨረሰችው አታውቀውም። «እምዬ!» እያለች ግቢው ስትደርስ ዳስ ተጥሏል። አባቷ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተቀምጧል።

«አባዬ... እምዬ የት አለች?»

አድማሴ መሬት መሬት አየ። «ትናንት ቀበርናት፣ ልጄ።»

«ምነው ሳትጠሩኝ? ምነው?»

«ካህኑን አስቀምጣ አስማለችኝ። ‹ፈተናዋን ሳትጨርስ ብትጠሯት በሰማይ እፋረዳችኋለሁ› አለችኝ። ምን ላድርግ?» አለና እያለቀሰ፣ ሚስቱ በሞቷ ቀን ብቻ የነገረችውን የሦስቱን ቀን ደጅ ጥናት ነገራት። ያይኔአበባ የድጋፍ ደብዳቤውን ከደረቷ አወጣች። ልትቀደው ነበር... እጇ እንቢ አላት። ደረቷ ላይ አድርጋው ወደቀች።

በሠልስቱ ከባድ ዝናብ ጣለ። መንበሩ መጥቶ ከዳሱ ውጭ ቆመ፤ መግባት ፈርቶ። ያይኔአበባ ተነሥታ ወጣች፤ የአምስት ዓመት እርግማን ከንፈሯ ላይ ነበር።

«ልጁን ያስያዝሁት እኔ ነኝ» አላት። «ለራሴ ፈርቼ። እንዲያ ይሆናል አላልሁም። ያሻሽን በይኝ።»

ብዙ ቆማ አየችው። አርጅቷል። ውኃው በአንገቱ ይወርዳል።

«ይግቡ፣ አያ መንበሩ» አለችው በመጨረሻ። «በእናቴ ደጅ ሰው ዝናብ አይመታውም።»

ሽማግሌው እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ ገባ። አድማሴም ፈቀቅ አለለት።

በሚቀጥለው ሰኞ ያይኔአበባ ጥቁር ለብሳ ሥራ ገባች፤ ጡረታ እስክትወጣም ድረስ እዚያው ቡሬ ሠራች። «ከሳሽብኝ» የሚላት ግን አላገኘችም። ዕጣ ፈንታ ሆይ፣ በአንድ እጅህ እንጀራዋን ስትሰጣት በሌላው እናቷን መውሰድህ ስለ ምን ነው? ሰው ሥራ አገኘሁ ብሎ ሲደሰት፣ ለእሱ ብሎ በማን ደጅ ማን እንደ ቆመለት ያውቅ ይሆን...?