የሚካኤል ዕለት እቶን

የትነበርሽን የሚሰማት ጠፋ። ልጇ ስማቸው ከሞተ ጀምሮ ጣቢያ በሄደች ቁጥር፣ «ሐዘን ነው እማማ» እያሉ እስከ በሩ ይሸኟታል። ፊደል ባትቆጥርም፣ የናቃትን ሰው ግን ለይታ ታውቃለች። ዛሬ ምርኩዟን ይዛ፣ ሬሳው የተገኘበት የእቶን ክፍል ራሷ ገባች።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር አምሳል አላስወጣቻትም። «ይቀመጡ እማማ። የሚያውቁትን ይንገሩኝ።»

«እስከ ዛሬ ጆሮሽን ለማን አከራይተሽው ነበር?»

አምሳል ወንበር አስጠጋችላት።

«ልጄ በሚካኤል ቀን እሳት አይነካም። እግሬ የተሰበረ ጊዜ ተስሎ ነው። ከባሕር ማዶ በመጣ ብረት ሲጠግኑኝ፣ ‹እኛም እንሠራዋለን› ብሎ ዕድሜውን የብረት ዱቄት ሲያቦካ ኖረ። በሚካኤል እቶን ሲያነድ ሞተ ትሉኛላችሁ። ውሸት ነው!»

ከስማቸው ጋር በዚህ የብረት ቤተ ሙከራ የሚሠሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ኃላፊው ዶክተር ባዬና ቴክኒሻኑ የሻው። አምሳል ባዬን አስቀደመች።

«ብረቱን እቶን ውስጥ ሊተኩስ ነው የገባው» አለ ባዬ። «ብረቱ እንዳይበላሽ እቶኑ ውስጥ ናይትሮጅን እንለቃለን። ሽታ የለውም፤ ክፍሉን ከሞላ ሰውን ሳያስነቃ ይጥለዋል። የአየር ማራገቢያውን ማብራት ረሳ። እኔ ከፒያሳ ስመለስ ወድቆ አገኘሁት።»

«እቶኑስ?»

«ፍም መስሎ! ያጠፋሁት እኔው ነኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልከፈተውም።»

የሻው በተራው፣ «እንፍራንዝ ለቅሶ ሄጄ ነበር» አለ፤ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ።

«የሚካኤል ዝክሬን በየወሩ የምትበላ ልጅ፣ ምነው ዓይኔን ሸሸህ?» አለችው የትነበርሽ።

«አያ ስማቸውን ብቻውን ትቼው በመሄዴ ነው እማማ። ከዶክተር ጋር ተጣልተው ነበር።» ጥግ ላይ ወዳለው የታሸገ ሳጥን አመለከተ። «የሰው ገላ ጨዋማ ነው። አያ ስማቸው ከእነዚህ የአጥንት መጠገኛዎች ጥቂቱን ጨው ውሃ ውስጥ ቢነክራቸው ዛጉ። በጥድፊያ ስለተተኮሱ ዱቄቱ አልተያያዘም፤ ውስጣቸው ወንፊት ነው። ‹ቀስ ብለን፣ ረዘም አድርገን እንተኩስ› አለ። ዶክተር ደግሞ ‹ሆስፒታሉ እየጠበቀ ነው፤ ይሂዱ› አሉ።»

አምሳል እቶኑን ከፈተች። ከውስጥ አንዱን ብረት አንስታ በጣቷ ብትጫነው፣ እንደ ድርቆሽ ቀሽ ብሎ ተሰበረ። ባዬንና የሻውን ወደ እቶኑ ጠራቻቸው።

«የሻው፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ያልተተኮሰ ነው። ዱቄቱን የያዘው ሰም ብቻ ነው። እሳት ሲያገኘው ይጠነክራል፤ መጠኑም ይቀንሳል።»

«እንግዲያው ይህ እቶን አልነደደም» አለች አምሳል። «ፍም አየሁ ያሉት ዶክተር ዋሹ። ላልነደደ እቶን ደግሞ ጋዝ አይለቀቅም፤ የተለቀቀው ለሰው ነው። የማራገቢያው ማብሪያ ከበሩ ውጭ ነው። አጥፍቶ፣ ክፍሉን በጋዝ ሞልቶ የጠበቀው ሰው አለ። የሻውን እንፍራንዝ ለቀስተኛው ሁሉ አይቶታል። ደግሞም ዝክር የሚበላ ሰው፣ ስማቸው በሚካኤል ቀን ሲተኩስ እንደሞተ አያስመስልም። ስእለቱን የማያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ ዶክተር። ስልኩ እንደሚያሳየው በዚያ ቀን የደወሉለትም እርስዎ ነዎት፤ ‹የተነከሩትን ብረቶች ና እይ› ብለው ነው የጠሩት።»

ባዬ ወደ ታሸገው ሳጥን ዞረ። «የስንት ዓመት ልፋቴን በአንድ ሳህን ጨው ውሃ ሊያፈርሰው ነበር...»

«ሰውን ከማፍረስ እሱ አይሻልም ነበር?» አለች የትነበርሽ።

ፖሊሶቹ ባዬን ይዘው ሲወጡ አሮጊቷ አላለቀሰችም። ሄዳ የታሸገው ሳጥን ላይ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ቤትዎ ላድርስዎ» አለች አምሳል።

«ቆይ፣ ሸጋ ልጅ። በመዝገባችሁ ‹በራሱ ቸልተኝነት ሞተ› ብላችሁ ጽፋችኋል፤ እሱን ፋቂልኝ። ይህን ሳጥን ደግሞ ዓይኔ እያየ አስደቅቂው። ልጄ የሞተበት ብረት አንድም ሰው እግር ውስጥ አይገባም። በይ፣ መዶሻ አስመጪ!»